የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የት ሄደ?

ስለ ፋሲል ግቢ ታሪክ ለልጆች የሚሆን ጻፍልን ተባልኩ፣ በሥዕል የምትወጣ ቀጭን መጽሐፍ ናት፣ እኔም ተማሪ ይዤ ግቢውን ስዞር የምውል አስጎብኚ ስለሆንኩ ደስ ብሎኝ ጻፍኩና በቴሌግራም ላክሁ። ኤዲተሩ አርመው የመለሱልኝ ፋይል ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ ጎንደርን መቆርቆራቸው፣ 900 ሜትሩ አጥር፣ 12ቱ በሮች፣ ምንም አልተነኩም። የልጅ ልጃቸው የአፄ ኢያሱ ግንብ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ አንቀጽ ሙልጭ አድርገው አወጡት። የጻፍኩት እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው፣ በኋላም ጣሊያን ግቢውን መምሪያ አድርጎት ስለነበር በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላን ሲደበድብ እንደፈረሰ ነው። በሱ ፈንታ «በዘመን ብዛት ፈረሰ» ገባ።

ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያ አንቀጽ ለምን ወጣ?»

«ወንድሜ፣ ለልጆች እኮ ነው! ቦምብ ምን ያደርግላቸዋል? ግንቡ ያጌጠበትን የዝሆን ጥርሱን፣ መስታወቱን፣ ወርቁን ጽፈሃል፣ በቃ።»

«እሱን አንብበው ሲመጡ የሚያዩት ባዶ ግድግዳ ነው፣ የት ሄደ ይላሉ።»

«ይበሉ፣ አንተ አለህ አይደል እዛ?»

ይቺ «አንተ አለህ» ናት ያቃጠለችኝ። መጽሐፉ የሚጻፈው እኮ እኔ ለሌለሁበት ልጅ ነው፣ ጎንደርን ሳያይ ለሚያድገው። ደግሞ ዘመን ካሉ የፋሲል ግንብ ከኢያሱ ግንብ ይቀድማል፣ ጥገናው እንዳለ ሆኖ ይኸው ጣሪያው ላይ ነው፣ ታናሹ ነው ክፍቱን የቀረው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ልጅ መጽሐፉ እንደሸወደው ወዲያው ያውቃል፣ ከዛ በኋላ ስለ በሮቹም ስለ ነገሥታቱም የጻፍነውን ለምን ያምናል?

ይፈራሉ የሚባለውም ልክ አይደለም። እዛ ግንብ ስር ቆሜ የቦምቡን ነገር ስነግራቸው ነው ጭራሽ ጸጥ ብለው የሚሰሙኝ። አንዴ አንዲት ልጅ «እንግሊዝ ሊያግዘን አልነበር የመጣው?» አለችኝ። አዎ፣ ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ጣሊያንን ሊያስወጣ ነበር፣ ጣሊያን ደግሞ የመሸገው ቅርሱ ውስጥ ነበር አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቅርስ መሆኑን እያወቁ ለምን እዛ ገቡ?» አለች። አስተማሪዋ እኔን አየኝ፣ እኔም ለሷ ከተማውን የያዘ ሁሉ የነገሥታቱን ግቢ መያዝ እንደሚፈልግ፣ ገዢው እኔ ነኝ ማለቱ እንደሆነ ነገርኳት። ይሄን ሁሉ ውይይት ነው እንግዲህ «በዘመን ብዛት» ብለው የዘጉት።

መጽሐፉ እሳቸው እንዳሉት ታትሞ ወጣ። አሁን ድጋሚ ሊታተም ነው ሲባል ሰምቼ አንቀጹን አንድ ቃል ሳልቀንስ መልሼ ላክሁ፣ የልጅቷንም ጥያቄ ከስሩ ጨመርኩበት።