ለራስ የተጻፈ ወረቀት አይሰበሰብም

ለራሴ መጻፍ የጀመርኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። አጀማመሩ ቀላል ነበር። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ቤተሰቡ ሲተኛ ከላይ ቀኑን፣ ከሥር የመጣልኝን እጽፋለሁ። ፊደል ተሳሳተ፣ አማርኛው ተንጋደደ የሚለኝ የለም።

እየለመድኩት ሳለ መሥሪያ ቤታችን የአእምሮ ጤና ስልጠና አዘጋጀ። አሰልጣኙ ስለ አንድ የታወቀ ጥናት ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1986 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር አስጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ነበር። እስከዚህ ጥሩ። “በሉ፣ በጣም የከበዳችሁን ጻፉ፤ ወዲያው ቅልል ይላችኋል” አለን። እኔም ከወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት የተነሳ የተቀያየምንበትን ጻፍኩ።

ከዚያ “አሁን በየተራ እናንብብ” አለ። እጅ ያወጣ ሰው የለም። ስለዚህ በተቀመጥንበት ተራ ያስነብበን ጀመር። የክፍል ኃላፊያችን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ስለ ትዳሯ ሁለት መስመር አንብባ እንባ ተናነቃት። እኔ ጋ ሲደርስ “አላነብም” አልኩ። “ደብቀው ከያዙት አይድኑም” አለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ሲያልቅ ደግሞ የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን ልትሰበስብ መጣች። ለምን ስላት “ለሪፖርት ማያያዣ” አለች። የኔን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። የልጅቷ ወረቀት ግን ተወሰደ። በሳምንቱ ሻይ ክበብ ውስጥ “ከባልሽ ታረቃችሁ?” ሲሏት ሰማሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰውዬው ጥናቱን ጠቅሶ ዋናውን ነገር ጣለው። ተማሪዎቹ የጻፉት ለየብቻቸው ነው፤ ምስጢራቸው እንደሚጠበቅም ተነግሯቸዋል። “ወዲያው ቅልል ይላችኋል” ማለቱም ልክ አይደለም። ተማሪዎቹ ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ብሶበት ነበር፤ ጥቅሙ የታየው ቆይቶ ነው። ይህን የነገረኝ ቢኖር በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሆዴ ባር ባር ሲል ባልደነገጥኩ።

ከስልጠናው በኋላ ለወራት ደብተሩን ስገልጥ ሰው የሚሰማኝ እየመሰለኝ ቃላት አሳምር ነበር። እነዚያ ገጾች ምንም አልጠቀሙኝም። የተላቀቅኩት ጽፌ ወዲያው መቅደድ ስጀምር ነው። ያኔ “ወንድሜ በደለኝ” የሚለው ዓረፍተ ነገር ተከታይ አገኘ፦ “ምክንያቱም አባባን ሲያስታምም እኔ አልነበርኩም ብሎ ያስባል።” ጠባችን የቤት ጉዳይ እንዳልነበረ የገባኝ እዚያ መስመር ላይ ነው። ፔኔቤከርም በኋለኞቹ ሥራዎቹ፣ መጻፉ በጠቀማቸው ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ “ምክንያቱም” እና “ገባኝ” የሚሉ ዓይነት ቃላት እየበዙ እንደሚሄዱ አሳይቷል።

በየቀኑ ጻፉ የሚለውን ምክር አልቀበልም። አንድ ነገር ሲከብዳችሁ ለጥቂት ቀናት ተከታትላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ተዉት። ልትተኙ ስትሉም አትጻፉ፤ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። የማትችሉት ከሆነ አቁሙና ሐኪም ወይም የነፍስ አባታችሁን አነጋግሩ። እነሱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ምስጢር መጠበቅም ግዴታቸው ነው።

ስልጠና የምታዘጋጁ ደግሞ፣ እባካችሁ ወረቀት አትሰብስቡ። ለሪፖርቱ ሰው የፈረመበት ዝርዝር ይበቃችኋል።