ተርሚናል ላይ ቻይንኛ ስትጽፉ፦ ላቲኑ ግማሽ ካልሆነ አይሆንም

የምሠራው ሠንጋ ተራ ነው። ከቻይና የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበትን የዕቃ መዝገብ ሲስተም የምንከታተለው እኛ ነን። ስለዚህ ስክሪኔ ላይ ቀኑን ሙሉ ሦስት ዓይነት ፊደል ይተራመሳል፤ የዕቃው መለያ በላቲን፣ አቅራቢው የሰጠው ስም በቻይንኛ፣ የመጋዘን ሰው የጣፋት ማስታወሻ ደግሞ በአማርኛ። ብራውዘር ላይ ሰላም ነው። ጉዱ ያለው ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የምንሰጥበት መስኮት ላይ ነው። በቀደም አንድ ጋሼ የምንላቸው የመጋዘን ኃላፊ ከኋላዬ ቆመው ሰንጠረዡን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠጥቷል እንዴ?» አሉኝ።

አልጠጣም። ሒሳቡ ነው የማይገጥመው።

ተርሚናል ባለካሬ የሒሳብ ደብተር በሉት። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ካሬ ይይዛል፣ አንድ የቻይንኛ ፊደል ሁለት። ልማዱ የቆየ ነው። ቻይና በ1980 ያወጣችው ጂቢ 2312 የሚባለው ደረጃ 6,763 የቻይንኛ ፊደላት ነበሩት፤ እያንዳንዱ በሁለት ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት መለኪያ) ይጻፍ ነበር፣ ላቲኑ በአንድ። ስክሪን ላይም ላቲኑ 8 በ16 ነጥብ፣ ቻይንኛው 16 በ16 ሆኖ ይሣል ነበር። ሁለት ባይት ማለት ሁለት ካሬ ማለት ስለነበር ፕሮግራመሩ ባይት ቆጥሮ ዓምዱን ያስተካክላል፣ አለቀ። የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ሲመጣ ይሄ ፈረሰ። ያው ፊደል ሦስት ባይት ሆነ፣ ስፋቱ ግን እዚያው ሁለት ካሬ ላይ ቀረ። ዛሬም ባይት ወይም ፊደል እየቆጠረ ክፍተት የሚሞላ ስክሪፕት ካላችሁ ዓምዱ ይንሻፈፋል፤ እሱን ፎንት መቀየር አያድነውም፣ ስክሪፕቱን ነው ማስተካከል።

ስፋቱን አሁን የሚወስነው ዩኒኮድ፣ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ያወጣው የስፋት ዝርዝር ነው። ተርሚናሉ ዝርዝሩን አይቶ «ለዚህ ሁለት ካሬ» ይላል። ፎንቱን ማንም አያማክረውም።

የፎንቱ ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የኮድ መጻፊያ የላቲን ፎንቶች ስፋታቸው የፎንቱ መጠን 0.6 አካባቢ ነው፤ ለምሳሌ ሶርስ ኮድ ፕሮ ከ1000 አሃድ 600 ይይዛል። የቻይንኛ ፊደል ግን እኩል በእኩል ነው፣ 1000 በ1000። ሁለት ላቲን 1200፣ አንድ ቻይንኛ 1000። የተረፈችው 200 የት ትሂድ? ተርሚናል ውስጥ በፊደላቱ መሃል ባዶ ቦታ ሆና ትቀመጥና ጽሑፉ ጥርሱ የወለቀ ይመስላል። ካሬ የማያከብር ኤዲተር (ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ውስጥ ደግሞ ዓምዱን ራሱን ትጎትተዋለች። ስለዚህ የወደዳችሁትን ቆንጆ የላቲን ፎንት መርጣችሁ ቻይንኛውን «ሲስተሙ ያገኘውን ይለጥፍ» ማለት አያዋጣም።

መፍትሔው ላቲኑ ልክ 500 የሆነ ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ሞኖ ሲጄኬ እንደዚያ ነው። እኔ ግን የሳራሳ ሰው ነኝ። ሳራሳ ጎቲክ የአዮሴቭካን ላቲን ከሶርስ ሃን ሳንስ ቻይንኛ ጋር ያጋባ ነው፤ አዮሴቭካ ከተፈጥሮው ቀጭን ስለሆነ ግማሹ ላይ ሳይጨነቅ ይገባል። መጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ የከሳ ይመስላል። ይለመዳል። ስታወርዱ ብዙ ዓይነት ታያላችሁ፣ ለተርሚናል «ተርም» የሚለውን ውሰዱ፤ «ሞኖ» የሚባለው ረጅሙን ሰረዝ ሁለት ካሬ ያደርገዋል።

ፎንቱ ስም ላይ ያለውን የአገር ምልክትም እዩ። ዩኒኮድ የቻይናንና የጃፓንን ፊደል ባንድ ቁጥር ስለጠቀለለው መልኩን የሚወስነው ፎንቱ ነው። አጥንት ማለት የሆነውን ፊደል ብትወስዱ፣ ላይኛው ክፍሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማዕዘን በዋናው ቻይና በግራ ናት፣ በጃፓን በቀኝ። ሲስተማችሁ እንግሊዝኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የጃፓኑ ነው የሚወጣው። ለኛ ያው ነው፣ ቻይናዊው አቅራቢ ግን ወዲያው ያውቃታል። የቀለለውን የቻይና ጽሕፈት፣ ኤስሲ የሚለውን ምረጡ።

ፎንቱን ጭናችሁ ከተርሚናሉ ዝርዝር ውስጥ ካጣችሁት አትደንግጡ። ሁለት ዓይነት ስፋት ስላለው ሊኑክስ «እኩል ስፋት ያለው» ብሎ አይመዘግበውም፣ አንዳንድ ተርሚናል ደግሞ እኩል ያልሆነውን አያሳይም። ስሙን በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ በእጅ ጻፉት።

አሁን ወደኛ። ሶርስ ሃን ሳንስ 65,535 ቅርጾች አሉት። አንድ ፎንት ከዚያ በላይ መያዝ አይችልም፣ ጢም ብሏል። ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለም፤ ሳራሳም የለውም። ስለዚህ አማርኛው ከሌላ ፎንት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ከኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ እሱ ደግሞ እንደየፊደሉ ይሰፋል ይጠባል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በስፋት ዝርዝሩ ከሰፊዎቹ ጋር አልተመደበም፣ አንድ ካሬ ነው የሚሰጠው። ቀ ወይም ነ እንደምንም ይገባሉ። ጨ እና ጪ ግን? ሐ? ሠ? ጎረቤታቸው ላይ ይወጣሉ፣ ወይም ጎናቸው ይቆረጣል። እና የሚያበሳጨው፣ ለቻይንኛው ብለን ካሬውን ከ600 ወደ 500 ባጠበብን ቁጥር አማርኛው የባሰ መታፈኑ ነው። አንዱን ስታስደስት ሌላው ያኮርፋል።

ስምምነት የምትመስል ነገር አለች። አላክሪቲ የሚባለው ተርሚናል ላይ የካሬውን ስፋት በፒክስል መጨመር ይቻላል፣ እኔ 2 ጨምሬያለሁ። ቻይንኛው ትንሽ ይሳሳል እንጂ ሁለት ለአንድ የሚለው ሕግ አይፈርስም፣ ጨም ትንሽ ትተነፍሳለች። ኤዲተሩ ላይ ግን ስፋቱን ስላላስተካከልኩ የአማርኛውን ማስታወሻ የመጨረሻው ዓምድ አድርጌዋለሁ፤ ከሱ በኋላ የሚገፋው ነገር የለም።