ሌንስ ከመግዛቴ በፊት የራሴን ፎቶዎች ባይ ኖሮ

ከመጀመሪያ ካሜራዬ ጋር የመጣው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄደው ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ የራቀውን ያቀርባል። ቀን ቀን፣ ደጅ ላይ፣ ምንም አላጎደለብኝም። ጉዱ የወጣው የዘመድ ሠርግ ላይ ነው። አዳራሹ ጨለምለም ብሏል፣ ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ። ዙሙን 55 ላይ ሳደርሰው ሌንሱ ከኤፍ 5.6 በላይ አልከፈት አለኝ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃንም ይበዛል)። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 አደረግሁት፤ ሹተሩ፣ ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተው መጋረጃ፣ ግን ከ1/30 ሰከንድ አልፈጥን አለ። ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ስከፍት ግድግዳው ጥርት ብሏል፤ የሙሽራዋ እጅ ጭስ መስሏል። ሁለት መቶ ከሚሆኑት ለሰው የሚሰጡት አሥር አይሞሉም ነበር።

ጥፋቱን ካሜራው ላይ አላከክሁት። አዲስ ልገዛ ስል አንድ ጓደኛዬ «ቆይ፣ ቦዲውን (ካሜራውን ራሱን) ተወው» ብሎ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሱን አዋሰኝ። ትንሽ፣ ቀላል፣ ዙም የሚባል ነገር የሌለው። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲተያይ ግን ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በዚያው ጨለማ፣ በዚያው አይኤስኦ፣ 1/250 ሰከንድ አገኘሁ። ወዲያው የራሴን ገዛሁ።

ከዚያ ደግሞ ያዘኝ በሽታ! ያየሁትን ሁሉ በኤፍ 1.8። የእህቴን ልጅ ፊት ተጠግቼ አነሳሁና በካሜራው ስክሪን ላይ ሳየው ደስ አለኝ። ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው አንዱ ዓይን ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል፣ ሌላኛው ደብዝዟል፤ ለካ ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ይሳሳል። አሁን ፊት ስጠጋ ወደ ኤፍ 2.8 ወይም 4 እዘጋዋለሁ፤ ፎከሱንም ለእኔ የቀረበው ዓይን ላይ አደርጋለሁ።

ሌላው ያልነገሩኝ ነገር ሴንሰሩ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ነው። የእኔ ካሜራ ሴንሰር ከፉል ፍሬም (የድሮው ፊልም ያህል ስፋት ካለው ሴንሰር) ያነሰ ስለሆነ 50ው የሚያሳየኝ በፉል ፍሬም 75 የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው። ለፖርትሬት ግሩም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶም የሰዎቹ ግማሽ ከፍሬም ውጪ ነበር።

ሦስተኛው ግዢዬ የጉራ ነው፤ አልደብቅም። ከ70 እስከ 300 የሚደርስ ሌንስ። አንገት ላይ ሲንጠለጠል ሰው መንገድ ይለቅልሃል! ወፍ አነሳለሁ ብዬ ነበር። 300 ላይ በእጅ ሲያዝ እጄ በትንሹ ሲንቀጠቀጥ ወፏም አብራኝ ትንቀጠቀጣለች፤ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ይፈልጋል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ለዚያ የሚበቃ ብርሃን የለም።

ዓይኔን የገለጠው ነጻ ነገር ነው። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ቀን የሁለት ዓመት ፎቶዎቼን በዚያ ለይቼ ደረደርኳቸው። ከ200 ሚሊሜትር በላይ የተነሱት አርባ ፎቶ አይሆኑም። የወደድኳቸው አብዛኞቹ በ30 እና በ40 መካከል ነበሩ፦ ቤት ውስጥ፣ ሰው ከነሥራው፣ ከነአካባቢው። ትልቁን ሌንስ ሸጥኩና 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ገዛሁ። እስካሁን ከካሜራዬ ብዙም አይወርድም።

ከካሜራው ጋር የመጣውን ከ18 እስከ 55ም አልጣልኩትም። ለመልክዓ ምድር ኤፍ 8 አድርጌ፣ ትራይፖድ ላይ አቁሜ ሳነሳበት ማን ርካሽ ሌንስ ነው ይለዋል? ለቡድን ፎቶ ግን በ18 ተጠግቼ አላነሳም። አንድ ጊዜ ጠርዝ ላይ የቆመች አክስቴ ጎኗ ተለጥጦ ወጣ፤ ፎቶውን አይታ ለሳምንት አኮረፈችኝ። አሁን ወደኋላ እሄድና 35ቱን እጠቀማለሁ። እሷ ግን አሁንም መሃል ካልቆምኩ ትላለች።