አቦል፣ ቶና፣ ብሎክ

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ሥዕል አረምኩ።

ልጁ ሰው ስሏል። ሰውየው ትልቅ ክብ ራስ አለው፤ ሁለት እግሮቹ ቀጥ ብለው ከአገጩ ይወጣሉ። ሆድ የለው፣ አንገት የለው። እጆቹ ከጆሮው አካባቢ እንደ ቅርንጫፍ በቅለዋል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሰባት ዓመት ኬጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን አይቼ ማለፍ አልችልም። ክሬዮኑን ከእጁ ወሰድ አድርጌ "ሆዱስ የት ሄደ?" እያልኩ ቆንጆ ሆድ ሠራሁለት። አንገት ጨመርኩ። ሸሚዝ አለበስኩት፣ ከነቁልፉ።

ልጁ ወረቀቱን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ሥዕሉን እዚያው ትቶት ተነስቶ ሄደ።

የክፍሉ ዋና መምህርት ስልሳ ያለፋት፣ ዕድሜዋን ሁሉ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሕፃናት ጋር ያሳለፈች ሴት ናት። ያኔ ምንም አላለችኝም። ልጆቹ የቀን እንቅልፍ እስኪተኙ ጠብቃ፣ ሥዕሉን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ይሄ አሁን የማን ሥዕል ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ዝም አልኩ። በልቤ ግን "ቢያንስ አሁን ሰው ይመስላል" እያልኩ ነበር።

"እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺው" አለችኝ። "ሲቸግራቸው ይጠሩሻል። እስኪጠሩሽ እዚያው ይቆይ።"

በማግስቱ ኪስ ያለው ሹራብ ለብሼ ሄድኩ። ቀልዴን አይደለም። ከነበሩኝ ሹራቦች አንዱም ኪስ ስላልነበረው ማታውኑ ያገለገለ ልብስ መሸጫ ገብቼ በስድስት ዶላር ገዛሁ።

ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ በየአገሩ ያሉ ብዙ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ሰውን መጀመሪያ የሚስሉት ልክ እንደዚያ ነው። ራስና እግር። ሆዱን ረስተውት አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ያመጡታል።

እንግዲህ ከየት እንደመጣሁ ልናገር። አሜሪካ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2018 በዲቪ ነው። አገር ቤት የማስተምርበት የግል ኬጂ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂ፣ ዩኬጂ ነበረው። የአራት ዓመት ልጅ የክላስወርክ ደብተር አለው፣ የሆምወርክ ደብተር አለው፣ ዲክቴሽን አለው፣ ፈተና አለው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ደረጃ ይወጣለታል። ከ42 ልጅ 39ኛ የወጣ የአራት ዓመት ሕፃን አስቡት። ያንን ቁጥር ካርዱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቀይ እስክሪብቶ።

ወላጅ ደግሞ ደብተሩን ይገልጣል። ገጹ ካልሞላ "ለመሆኑ እናንተ ጋ ምን ሲሠሩ ነው የሚውሉት?" ይላል። ስለዚህ ገጹ መሙላት አለበት። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ አንዳንዱን ገጽ የሞላነው እኛው ነን፣ የልጁን እጅ ይዘን። ወላጅ ደስ ይለዋል። ዳይሬክተሩ ደስ ይለዋል። ልጁን የጠየቀው የለም።

የሚገርመው "ኬጂ" የምንለው ነገር አመጣጡ ነው። ኪንደርጋርተን የጀርመን ቃል ነው፣ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ፍሪድሪክ ፍሮቤል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ጀመረው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙን አወጣለት። ልጆቹ እጅ ላይ ያስቀመጠው ደብተር አልነበረም። ኳስ፣ የእንጨት ኪዩብ፣ የሚገጣጠም ነገር ነበር። እኛ ስሙን አመጣንና እንጨቱን እዚያው ተውነው።

እንጨቱን ያገኘሁት እዚህ ነው። የክፍላችን አንድ ጥግ ሙሉ ብሎክ ነው። ቀለም የለው፣ ፊደል አልተጻፈበት፣ ልሙጥ እንጨት። መጀመሪያ ሳየው ርካሽ መሰለኝ። ዋጋውን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ልኩን ያወጣችው ካሮሊን ፕራት የምትባል የኒውዮርክ መምህርት ናት፣ ከመቶ ዓመት በፊት። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው፣ ወርዱ የውፍረቱ እጥፍ። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ይሆናል፤ ሁለት ሙሉ አንድ ድርብ። ይሄን ለልጆቹ ማንም አይነግራቸውም።

አንድ ቀን ያ ሥዕሉን ያበላሸሁበት ልጅ ድልድይ ይሠራል። ረጅም ብሎክ ፈለገ፤ ረጃጅሞቹን ሁሉ ሌሎች ወስደዋቸዋል። ለመንጠቅ ሞከረ፣ አልሆነም። ሊያለቅስ ከንፈሩን ጣለ። ኪሴ ውስጥ ያለው እጄ አላስቀምጥ አለኝ። ከዚያ ልጁ ሁለት አጫጭር ብሎኮች አንስቶ ጫፍ ለጫፍ ገጠማቸው። የጓደኛው ረጅም ብሎክ አጠገብ ወስዶ ለካቸው። "እኩል ነው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ክፍልፋይ የተማርኩት አራተኛ ክፍል ነው፣ በኩርኩም ታጅቤ።

ድልድዩ ግን አልቆመም። መሐሉ ላይ ተቀነጠሰ፤ ሁለት አጭር አንድ ረጅም ሆኖ መሐል ላይ አይሸከምም። ሦስት ጊዜ ፈረሰ። በአራተኛው መገጣጠሚያው ሥር አንድ ምሰሶ አቆመ። ምሰሶ የሚለውን ቃል አያውቀውም። ነገሩን ግን አወቀው።

ሁሉን ተቀብዬ ነበር ግን አልልም። አንድ ሰኞ ስገባ አሸዋ የሚደረግበት ገበታ ላይ ሩዝ ተዘርግፏል። ጥሬ ሩዝ። ልጆቹ በአካፋ ይዝቁታል፣ መሬት ላይ ይበትኑታል፣ ይረግጡታል። እህል! ቁራሽ እንጀራ መሬት ላይ ወድቆ ካየን አንስተን ከፍ ያለ ቦታ እያስቀመጥን ያደግን ሰዎች ነን። ያን ቀን እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ዋና መምህርቷን ጥግ ይዤ "ይሄን እኔ አልችልም" አልኳት። ምክንያቱን ነገርኳት። የማኩረፍ ነገር ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና "የኔም አያት እንዳንቺ ይቆጡ ነበር" አለች። በሳምንቱ ሩዙ ወጥቶ አሸዋ ገባ። የሚዝቅ ልጅ ለውጡንም አላየው።

ማታ ማታ ደግሞ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ እንደኔ ያለ ረዳት መምህርም ቢያንስ ሲዲኤ የሚባለውን የሕፃናት መምህራን የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። 120 ሰዓት ሥልጠና፣ ከልጆች ጋር 480 ሰዓት የተሠራ ሥራ፣ በጽሑፍ የተሞላ ማኅደር፣ 65 ጥያቄ ያለው ፈተና። የአገር ቤት ዲፕሎማዬ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ እኔ ከሀ ጀመርኩ።

አንድ ምሽት ስለ ጣት ጡንቻ የሚያወራ ክፍል ላይ ደረስኩ። ልጅ ፕሌይዶ የሚባለውን የመጫወቻ ሊጥ ሲጨምቅ፣ ሲያድቦለቡል፣ ሲቆርጥ ኋላ እርሳስ የሚይዝባቸው ጣቶች ይጠነክራሉ ይላል። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። እናቴ ዳቦ ስታቦካ ቁራጭ ሊጥ ትሰጠኝ ነበር። እየጨመቅኩ፣ እያቆሸሽኩ እጫወትበታለሁ። እንጀራ ስትጋግር ደግሞ መጨረሻ ላይ ለኔ እንጎቻ ይጋገራል፤ አፍሳሿ እኔ ነኝ፣ የተጣመመው ሁሉ ይበላል። ከግቢ ውጪ ከጭቃ ድስት ሠርተን፣ ቅጠል ወጥ ሆኖ፣ እቃ እቃ ስንጫወት እንውላለን። እናቴ ሲዲኤ የላትም። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ጭቃ ሲነኩ "ውጣ ከዚያ፣ ዩኒፎርምህን!" ስል ነው የኖርኩት።

መስከረም ላይ አንዲት የአበሻ ልጅ ወደ ክፍላችን ገባች። አራት ዓመቷ ነው። ከአገር ቤት ከመጣች ሁለት ወሯ። ቤቷ ስትለፈልፍ ትውላለች አሉ። ክፍል ውስጥ ጭጭ። በአማርኛ ሳናግራት እንኳ አንገቷን ደፍታ ከመስማት በቀር ቃል አትመልስም። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ዋና መምህርቷ አልተጨነቀችም። ሁለተኛ ቋንቋ የሚጀምር ልጅ አንዳንዴ ረጅም ጊዜ ሰምቶ ነው የሚናገረው አለችኝ። እኔ ግን ውስጤ ይባላ ነበር።

አንድ ጠዋት የመጫወቻ ኩሽናው ጋ ሄደች። የእንጨት ዶቃዎች መጥበሻ ላይ አደረገች። ቁጭ ብላ እየነቀነቀች መቁላት ጀመረች። ከዚያ መጥበሻውን ይዛ ተነሳች፤ ቀለም ለሚቀባው ልጅ አፍንጫው ሥር ወሰደችለት። ልጁ ግራ ገብቶት አያት። እሷ በእጇ እያራገበች ጭሱን እንዴት እንደሚስብ አሳየችው። ሳበ። ቀጥሎ ወደ ሌላዋ። ክፍሉን በሙሉ አዳረሰችው። እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ዋና መምህርቷ ከሩቅ ሆና ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች፤ ምን እንደምታይ ግን አልገባትም።

ሰባት ልጅ መሬት ላይ ተኮልኩሎ ስኒ ተቀበለ። ልጅቷም ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች። "ጠጡ!"

በአማርኛ ነው ያለችው። ሁሉም ጠጡ።

በማግስቱ ከቤቴ ረከቦት፣ ሲኒዎችና አንገቱ የተሸረፈ ጀበና ይዤ ሄድኩ። ዋና መምህርቷ ምንም ሳትናገር አጠገቡ ወረቀትና እርሳስ አስቀመጠች። ጻፉ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ግን ቡና ቤት ያለ ሜኑ አይሆንማ! ሦስተኛው ቀን ላይ ሜኑ ተጻፈ። ግማሹ ጥምዝምዝ መስመር ነው፣ ግማሹ ከራሳቸው ስም የተዋሷቸው ፊደሎች። የአንድ ሲኒ ዋጋ 100 ዶላር። ልጆቹ "አቦል፣ ቶና፣ በረካ" እያሉ ዙር ይቆጥራሉ፤ እሷም በእንግሊዝኛ "የኔ ተራ ነው" ማለት ጀመረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ጨዋታ አልነበረም። የመጻፍ ጉጉት እንዲህ ያለ መሆኑን በዲክቴሽን ዘመኔ አይቼው አላውቅም።

አባቷ ግን ሊወስዳት ሲመጣ ፊቱ ደክሟል። ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ታክሲ ይነዳል።

"እህቴ፣ በእግዜር፣ ልጄ ዛሬ ምን ተማረች?"

"ቡና አፈላች።"

"ቡናማ ቤቷም አለ!" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "እኔ እዚህ አገር የምንከራተተው እሷ ቡና እንድታፈላ ነው?"

ይሄ አባባል አሁንም ድረስ ይቆጠቁጠኛል። የሚከፍለው ከቤት ኪራዩ ብዙ አይተናነስም። ሜኑውን አሳየሁት። ፎቶዎቹን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየና "ሀ ሁ ግን መቼ ነው?" አለ።

እኔ ይሄን ሰው አልፈርድበትም። ፊደል ዝናብ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይወርድም። በየቀኑ መጽሐፍ እናነብላቸዋለን፣ የፊደል ድምፅ እንጫወታለን፣ ይሄንንም ነገርኩት። ጥቁር ልጅ ይዞ፣ ቋንቋ ሳይሞላለት፣ ልጄ ወደ ኋላ ትቀራለች ብሎ የሚፈራ አባት ምን ይባላል? "ማታ ማታ በአማርኛ ተረት ንገራት፣ እሱም ትምህርት ነው" አልኩት። "ቤት የምገባው ተኝታ ነው" አለኝ። አሁን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲውን ጥግ አቁሞ በስልክ ይነግራታል። የአንበሳና የጦጣ ተረት ነው፤ ልጅቷ እንደምትለኝ ከሆነ ጦጣዋ በየቀኑ አዲስ ተንኮል ታወጣለች።

ይሄን ሁሉ አብራኝ ስታስተምር ለነበረች ጓደኛዬ በቴሌግራም ነገርኳት። በድምፅ መለሰችልኝ፤ መጀመሪያ ሳቋ ብቻ ነው የሚሰማው። "አንቺዬ፣ እናንተ 16 ልጅ በሁለት አዋቂ። እኔ 45 ልጅ ብቻዬን። ምን ኪስ ትያለሽ፣ አራት እጅ ቢኖረኝም አይበቃኝ!" ልክ ናት፣ የምመልሰው አልነበረኝም። ከሳምንት በኋላ ግን ከሰፈሯ ግሮሰሪ ቆርኪ ለምና ለእያንዳንዱ ልጅ አሥር አሥር እንዳደለች ነገረችኝ። ደርድረው ይቆጥራሉ፣ አበባ ይሠራሉ፣ መኪና ይሠራሉ። ዳይሬክተሩ ገብቶ "ደብተሩስ?" ብሏታል። እየተከራከሩ ናቸው።

የሲዲኤ የመጨረሻው ምዕራፍ ታዛቢ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣች ባለሙያ ሁለት ሰዓት ያህል ሥራሽን ቁጭ ብላ ታያለች። አትናገርም፣ አትረዳም፣ ትጽፋለች። ሌሊቱን አልተኛሁም። ያን ቀን ልጆቹ የቡና ጨዋታውን ትተው ወደ ዳይኖሰር ከዞሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር።

ልጅቷ ግን እንግዳ አየች። እንግዳ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዶቃውን ቆላች፣ ጭሱን አስሸተተቻት፣ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችላት። ታዛቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠጣች። አመሰገነች። ሰዓቷን አየች፣ ማኅደሯን ዘጋች፣ ተነሳች።

ልጅቷ ፊቷ ቆመች። "ቁጭ በይ" አለቻት በእንግሊዝኛ። "ገና ቶና አለ።"

ታዛቢዋ ወደ እኔ ዞረች። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ተመልሳ ተቀመጠች።