አንድ ጥርስ የዘገየ ካምሻፍት

አዲሱ ካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ተቀምጦ፣ ምልክቶቹ ገጥመው፣ ቺንጊያው (ባለ ጥርሱ ቀበቶ) ገብቶ መወጠሪያው ከተለቀቀ በኋላ ሞተሩን በእጄ ሁለት ዙር ሳዞረው የክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ምልክት ቦታው ላይ ሲቆም የካምሻፍቱ ግን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ከማዞሬ በፊት ሁለቱም ያለ ምንም ጥርጥር ልክ ነበሩ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው፤ ሲገጠም የታየው ልክነት እና ከዞረ በኋላ የታየው ልክነት አንድ አይደሉም፣ የሚታመነውም ሁለተኛው ብቻ ነው።

ሁለት ዙር የሚያስፈልገው ካምሻፍቱ በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ክራንኩ 720 ዲግሪ ሲዞር ካሙ 360 ዲግሪ ብቻ ይዞራል፤ ስለዚህ የክራንኩ ምልክት በአንድ ሙሉ የሥራ ዑደት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገጥማል። አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ የሚደርሰው በመጭመቅ ምት መጨረሻም፣ በጭስ ማስወጣት ምት መጨረሻም ስለሆነ የክራንኩን ምልክት ብቻ ማየት ግማሽ እውነት ነው። እኔ ሁልጊዜ የማየው የአንደኛውን ሲሊንደር የካም ጉብታዎች ነው፤ ሁለቱም ከቫልቮቹ ፊታቸውን ካዞሩ ቫልቮቹ ተዘግተዋል፣ ምቱም የመጭመቅ ምት ነው።

«አንድ ጥርስ ምን ታመጣለች?» የሚል ሰው አይጠፋም። ቺንጊያው የሚዞርባቸውን የፑሌጃዎቹን ጥርስ ስቆጥር የክራንኩ 24፣ የካሙ 48 ሆነ። አንድ ጥርስ በካሙ 7.5 ዲግሪ፣ በክራንኩ ሲታሰብ ደግሞ 15 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ካሙ በዚህ መጠን ከዘገየ አየር አስገቢው ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ የገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል፤ በሁሉም ሲሊንደሮች መጭመቂያው በእኩል ይወርዳል፤ መኪናውም ይነሣል፣ ነገር ግን በዝቅተኛ ዙር ጉልበት አይኖረውም። የክራንክና የካም ሴንሰር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ የሁለቱን አለመጣጣም የሚናገረው ፒ0016 የተባለው የብልሽት ኮድ ሊወጣ ይችላል። ፒስተንና ቫልቭ በየተራ አንድ ቦታ በሚጋሩበት ሞተር ላይ ከዚህ በላይ መዛነፍ ቫልቭ እስከ ማጣመም ይደርሳል።

ምክንያቱን ስፈልግ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘውን ትንሽ ቁራጭ ብረት ነበር፤ እርሷ ግን በቦታዋ ነበረች። ካሙ ማቀፊያ ክዳኖቹ ውስጥ ተጣብቆ እንዳይሆንም አሰብኩ። ይህ ግን የማይመስል ነበር፤ ክዳኖቹ ከቴስታታው ጋር አብረው የተቀረጹ ስለሆኑ በቁጥራቸውና በቀስታቸው አቅጣጫ መልሻቸዋለሁ፣ ብሎኖቹንም ከመሃል ወደ ዳር ጥቂት ጥቂት እያልኩ በየተራ አጥብቄአለሁ። አንዳንዱ ጉብታ የቫልቭ ሞላ ሲጫን ሌላው ስለማይጫን ካሙ በአንድ ወገን ብድግ ብሎ ይቀመጣል፤ በዚያ ሁኔታ አንዱን ጫፍ አስቀድሞ የሚያጠብቅ ሰው ክዳን ወይም ራሱን ካሙን ሊሰብር ይችላል። በዚህ ጊዜ ክራንኩን ከጫፍ 90 ዲግሪ ያህል መልሶ አራቱንም ፒስተኖች መሃል ላይ ማቆየትም አይዘነጋም፤ ቫልቮቹ ቢወርዱ የሚነኩት ነገር እንዳይኖር ነው።

የቀረው ቺንጊያው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ተገኘ። ክራንኩ ሲዞር ቺንጊያውን በአንድ ወገን ይስባል፣ በሌላው ወገን ይለቃል፤ መወጠሪያው የሚቀመጠው በሚላላው ወገን ነው። ትንሽ ልልነት በሚሳበው ወገን ተሸሽጎ ከቀረ ምልክቶቹ ቆመው ሳለ ልክ ይመስላሉ፤ ክራንኩ መዞር ሲጀምር ግን መጀመሪያ ያንን ልልነት ይጠቀልላል፣ ካሙም እስከዚያ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የቫልቭ ሞላዎቹ ካሙን ትንሽ ገፍተው ማንከባለላቸው ደግሞ ይህን ልልነት ከዓይን ይሰውረዋል። መፍትሔው ቺንጊያውን ከክራንኩ ጀምሮ በሚሳበው ወገን እየወጠሩ ወደ ካሙ ማውጣት፣ ካሙን በቁልፍ በጥቂቱ ይዞ ጥርሱን ማስገባት፣ የተረፈውን ልልነት በሙሉ ለመወጠሪያው መተው ነው። እንዲህ ሆኖ ሲገባ ከሁለት ዙር በኋላ ሁለቱም ምልክቶች ቦታቸው ላይ ቆሙ።

ማዞሩ ራሱ የምርመራው ዋና ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ካንዴላዎቹ ከወጡ የመጭመቂያ ግፊት ስለማይኖር እጅ የሚሰማው የሞላዎቹን ልስላሴ ያለው ተቃውሞ ብቻ ነው፤ በድንገት ጠጣር ነገር ካስቆመ ብረት ብረትን ነክቷልና መግፋት አይገባም። የማዞረውም በክራንኩ ብሎን፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ ይህን ሁሉ አይሰማም፤ ያገኘውን ሁሉ ይጋፋል። ለዚህም ነው የማስነሻ ቁልፍ ለማዞር የሚቸኩል ጓደኛ ከጎኔ ባይኖር የምመርጠው።

ይህ ሞተር በዘይት ግፊት የሚሠሩ ታፔቶች (በካሙና በቫልቮቹ መካከል ያሉ ገፊዎች) ስላሉት ካሙ ከተገጠመ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየሁት፤ ካሙ ወጥቶ ሳለ የተነፉት ታፔቶች ዘይታቸውን ካልለቀቁ ቫልቭ ከፍተው ሊይዙ ይችላሉና። ሲነሣ ቴስታታው ላይ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ነበረው፣ ዘይቱ ታፔቶቹ ውስጥ ሲሞላ እየቀነሰ ጠፋ። ድምፁ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከተመለሰ የአራቱንም ሲሊንደሮች መጭመቂያ እለካለሁ፤ ከካሙ ፊት ያለውን አዲሱን ፓራዮሊዮም (የዘይት ማገጃ ጎማ) ዘይት እንዳያስወጣና ቺንጊያውን እንዳያበላሽ ሽፋኑን ከመግጠሜ በፊት በባትሪ ብርሃን አየዋለሁ።