ባስኬትቦልን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስጀምር

ሃይስኩል ስጨርስ የጠራኝ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ያደግኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፖይንት ጋርድ ነኝ፣ ኳስ ይዤ ጨዋታውን የምመራ ማለት ነው፤ ፈጣን ነኝ፣ ግን አጭር ነኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ ጥሩ ተጫዋች ሞልቷል። ስለዚህ ለቤታችን ቅርብ የሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ገባሁ። ሁለት ዓመት እዚያ ተጫውቼ ነው ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ የተዛወርኩት። አሁን በቤተ ክርስቲያንም በሰርግም የሚያገኙኝ ወላጆች "ልጄ ኳስ ትወዳለች፣ ምን ታድርግ?" ይሉኛል። ቆሜ የማልጨርሰውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የገንዘቡ ነገር ይጥራ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቁ እሱ ነውና። ትልልቆቹ ኮሌጆች የሚወዳደሩበት ኤንሲኤኤ ሦስት ዲቪዥን አለው። አንደኛውና ሁለተኛው ውስጥ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይገኛል። ሦስተኛው ለስፖርት ተብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ ተማሪዋ ግን በውጤቷና በቤተሰቧ ገቢ እርዳታ ልታገኝ ትችላለች። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ደግሞ ኤንጄሲኤኤ የሚባል የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እዚያም ሦስት ዲቪዥን አለ፤ ሦስተኛው ስኮላርሺፕ የለውም። እኔ የተጫወትኩት በሦስተኛው ነው። ክፍያው ቀላል ነበር፣ የምኖረውም ከቤተሰቤ ጋር ስለሆነ ያለ ዕዳ ጨረስኩ። ይሄን ስል "ታዲያ ምኑን ኮሌጅ ተጫወተችው" የሚል አይጠፋም። ግን ታዋቂዋ የባስኬትቦል ተጫዋች ሼሪል ስዉፕስም ቴክሳስ ውስጥ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው የተጫወተችው። ከዚያ ወደ ቴክሳስ ቴክ ተዛውራ በ1993 የሴቶች የኤንሲኤኤ ፍጻሜ ላይ ብቻዋን 47 ነጥብ አስቆጠረች። የኤንቢኤው ጂሚ በትለርም ከማርኬት ዩኒቨርሲቲ በፊት ታይለር ጁኒየር ኮሌጅ በሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር።

የመጀመሪያውን ሲዝን አብዛኛውን ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ከፊቴ በዕድሜም በጉልበትም የሚበልጡኝ ልጆች ነበሩ። ያኔ የገባኝ ነገር ለቀጣዮቹ ዓመታት ሁሉ ጠቀመኝ። አሰልጣኝ አዲስ ልጅ ወደ ሜዳ የሚልከው ልቡን ሲጥልባት ነው፤ ልብ የሚያስጥለው ደግሞ ዲፌንስ፣ ማለትም መከላከል፣ ነው። የምትወረውረው አንድ ቀን ይገባል፣ አንድ ቀን አይገባም። ቆማ የምትጠብቅበት ቦታ ግን በየቀኑ ትክክል ሊሆን ይችላል።

አንዷን ነገር ብቻ ላሳያችሁ። የምጠብቃት ልጅ ቀኝ ጥግ ቆማለች፣ ኳሱ በግራ በኩል ነው እንበል። እሷ ላይ አልጣበቅም። አንድ እግሬን ፔይንት ውስጥ፣ ከቅርጫቱ ስር ባለው ሳጥን፣ አስገብቼ ኳስ እየነዳች ወደ ቅርጫቱ የምትገባውን ለመዝጋት እዘጋጃለሁ። አንድ ዓይኔ ኳሱ ላይ፣ አንዱ እሷ ላይ። ድንገት ኳሱ በረዥሙ ወደ ጥግ ሲወረወር፣ እጇ ላይ ሲያርፍ ደርሼ መገኘት አለብኝ። ከመንገዱ ግማሽ በላዩን በሙሉ ፍጥነት እሮጣለሁ። ከዚያ እርምጃዬን አሳጥራለሁ፣ ዳሌዬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ አንድ እጄን ወደ ላይ። እርምጃዬን ሳላሳጥር ከደረስኩ በጎኔ ሽው ብላ ታልፋለች። ቶሎ ካሳጠርኩ ደግሞ ተመቻችታ ትወረውራለች። አሁን የኤንሲኤኤ የሴቶች የሦስት ነጥብ መስመር 6.75 ሜትር ስለሆነ መንገዱ ረዥም ነው። ይቺን ብቻ ከልምምድ በኋላ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ስንደጋግም እናመሽ ነበር። አንዳችን እንወረውራለን፣ አንዳችን እንሮጣለን፣ ከዚያ እንቀያየራለን።

ረዳት አሰልጣኛችን በልምምድም በጨዋታም ማን ስንት ጊዜ የተቃራኒን ኳስ በእጇ እንደነካች ትመዘግባለች። ብትቀማም ባትቀማም ይቆጠራል። ወረቀቱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስሜ እዚያ ወረቀት ላይ ወደ ላይ ሲወጣ የመጫወቻ ደቂቃዬም አብሮ ወጣ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ስሆን ደግሞ አፌን አልዘጋም። "ስክሪን በግራ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ስክሪን ማለት የተቃራኒ ተጫዋች ቆማ መንገድሽን ስትዘጋብሽ ነው። ጀርባዋን ለሰጠች ልጅ ይሄ ጩኸት ዓይን ነው። ኮች ማን እንደምትናገር ይሰማል።

ትምህርቱ ጋ አባቴ አንድ ደንብ አወጣ፤ "ኳሱን ተጫወቺ፣ ክፍል ቀረች ሲሉኝ ግን እንዳልሰማ።" የኤንጄሲኤኤ ደንብም ከአባቴ አይለይም። በሲዝኑ ጊዜ ቢያንስ 12 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት የሚለካበት ነጥብ) መያዝ ግዴታ ነው። ኮርስ ጥሎ ከ12 በታች የወረደ መጫወት አይችልም። ለመዛወር ያሰበች ልጅ ደግሞ እያንዳንዱን ኮርስ ከመመዝገቧ በፊት የሚቀበላት ኮሌጅ ይቆጥርላት እንደሆነ አማካሪዋን ትጠይቅ። ኳሱ አምሮ ክሬዲቱ ያልተቆጠረላት ልጅ አውቃለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ነው የባከነባት።

ስለ ሁዳዴ ሳልጽፍ አላልፍም፤ እናቶች አጥብቀው የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ጾሙ የሚገባው የካቲት አካባቢ ነው፤ የሲዝኑ መጨረሻ፣ ጨዋታው የሚከርበት ጊዜ። የንስሐ አባቴን አማከርኩ። ከጾም ምግብ ሳልወጣ በጨዋታ ቀን ጠዋት እንድበላ ፈቀዱልኝ። እማዬ ምስርና ሽሮ ታበዛልኛለች፤ እኔ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤና ሙዝ እይዛለሁ። ቆሎዬን አውቶቡስ ውስጥ ለቡድኑ ሳዞር ወደደውና በየጉዞው "የት አለ?" ማለት ጀመሩ። መጾሜን ለቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ነገርኳት፤ መደበቅ አያስፈልግም። ሴት ስፖርተኞች ላይ የብረት እጥረት ስለሚበዛ የደም ምርመራ እንዳደርግ መከረችኝ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲሆኑ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቡናዬን ከምግብ አራቅኩት። ቡና ለሚፈላበት ቤት ልጅ ይሄ ቀላል አይደለም፣ ግን ለውጡን እግሬ ላይ አየሁት።

ሁለተኛው ሲዝን ሲጀመር ለአራት ዓመት ኮሌጅ አሰልጣኞች መጻፍ ጀመርኩ። እነሱ እስኪያገኙኝ አልጠበቅኩም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ስም፣ ቁመት፣ የምትጫወቺበት ቦታ፣ የትምህርት ውጤት፣ የቀጣይ ጨዋታዎች ቀንና ቦታ፣ የቪዲዮ ሊንክ። ቪዲዮው ላይ ሁሉም ሰው የገቡ ኳሶችን ይደረድራል። እኔ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ያንን ሩጫ ነው፤ ከፔይንት ወደ ጥግ። የተቀበለኝ ኮሌጅ አሰልጣኝ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለሱ ነበር፣ ቀጥላ ስለ ውጤቴ። ስንት ነጥብ እንደማስቆጥር ያነሳችው መጨረሻ ላይ ነው።