የራሴን ማስታወሻ በቀይ ስክርቢቶ ማንበብ ስጀምር

የመጀመሪያውን ደብተር ከዳር እስከ ዳር ሞልቼ ሁለተኛውን ገዛሁ። ይህን የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው፤ በተለይ የዕለት ማስታወሻ ጀምራችሁ ለተዋችሁት።

ስለ አጀማመሩ ብዙ የምለው የለኝም። በስልክ ሞከርሁ፤ መልእክት በገባ ቁጥር ሐሳቤ ስለሚበተን ወደ ወረቀት ዞርሁ። ሌሊት መጻፍ እንቅልፍ ስለነሳኝ ወደ አመሻሽ አመጣሁት፤ ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር አረፍ ብዬ፣ ነፋሱ ካየለ ቤቴ ገብቼ። «በየቀኑ የምታመሰግንባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፍ» የሚለውን ዘዴ ግን አልወደውም። ሰው ምስጋናውን በጸሎቱ ያደርሳል፤ ደብተር የሚያስፈልገው ለማይነገረው ነገር ነው።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። እጽፋለሁ፣ ግን አይቀለኝም። ገጹ ሁሉ ምሬት ነበር፦ «የባጃጅ ሾፌሩ አናደደኝ»፣ «መብራት ጠፍቶ ምሽቱ ተበላሸ»፣ «የሥራ ባልደረባዬ ናቀኝ»። ወር ወርን ሲተካ ያው ምሬት፤ ቁስሌን በየምሽቱ የምነካካው እስኪመስለኝ ድረስ።

ጄምስ ፔኒቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የከበደንን ነገር መጻፍ እንዴት እንደሚረዳ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ስለ አንድ ከባድ ጉዳይ ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ስለ ፊደል ግድፈት ሳይጨነቁ መጻፍ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ከመጻፋቸው ይበልጥ ጥቅም ያገኙት ሰዎች ጽሑፋቸው ውስጥ ምክንያትን የሚያሳዩና «ገባኝ»፣ «ተረዳሁ» የሚሉ ቃላት ከቀን ወደ ቀን የጨመሩላቸው ነበሩ። የእኔን ደብተር ገልጬ ብፈልግ «ምክንያቱም» የሚል የለም ማለት ይቻላል።

ቀይ ስክርቢቶ የገባው እዚህ ላይ ነው። የዘጌ ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ያየ ያውቀዋል፤ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ሆኖ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መነሻ በቀይ ይጻፋል፣ ዓይንም ቀድሞ እዚያ ያርፋል። እኔም በሰማያዊ ጽፌ በወሩ መጨረሻ ቀዩን ይዤ አነባለሁ። «ናቀኝ» ካልሁ ኅዳጉ ላይ «ምን ብሎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ምክንያት ያለበትን ዓረፍተ ነገር አሰምርበታለሁ። ናቀኝ ያልሁት ባልደረባ የተናገረው «ሪፖርቱን ለነገ ብታደርስልን» የሚል ብቻ ሆኖ ተገኘ!

ከዚያ አንድ ነገር ብቅ አለ። ንዴት በሞላባቸው ገጾች ግርጌ «ጠዋት ወንድሜ ደውሎ ነበር» የምትል መስመር አለች። የባጃጁም ቀን አለች፣ መብራት የጠፋም ቀን አለች። የምንነጋገረው ስለ አባታችን መሬት ነው። እኔ «እሺ፣ እናያለን» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ፤ ንዴቱ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል።

ስለዚህ ጉዳይ ብቻ እንደ ዘዴው ጻፍሁ። መጀመሪያ ከበደኝ። እንደ ጻፉ ወዲያው ቅር ማለቱ የተለመደ መሆኑን ጥናቶቹም ይናገራሉና አትደንግጡ፤ ኀዘኑ ትኩስ ከሆነ ግን ራሳችሁን አታስገድዱ። በመጨረሻው ምሽት ይህ ወጣ፦ «የምናደደው መሬቱን ስለፈለገ አይደለም። አባታችንን ያስታመመው እርሱ ስለሆነ፣ ልቃወመው ስለማፍር ነው።» በቀይ አሰመርሁበት። ለወንድሜ ገና አልነገርሁትም፤ ሲደውል ግን «እናያለን» ማለቱን ትቻለሁ።

ጳጉሜን ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ትመስለኛለች። አምስቱን ቀን፣ ስድስት ስትሆንም ስድስቱን፣ የዓመቱን ጽሑፍ ለማንበብ አስቤያለሁ።

መላ ያጣሁለት ገመናው ነው። ቤታችን ብዙ ሰው አለበት፤ ይነበባል ብዬ የፈራሁ ቀን የምጽፈው ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይሆንብኛል። የከበደውን ጽፌ ወዲያው የምቀድድበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ ደግሞ በወሩ መጨረሻ የማነበው አይኖረኝም። ከብዙ ሰው ጋር እየኖራችሁ የምትጽፉ፣ ደብተራችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?